በወንድ በኩል የሚቆለፍ ካፖርት

ቅናተኛ ነኝ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር፤ ግን ያኔ እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ከዘበኛው እስከ ኃላፊው የማያውቅ ስላልነበር፣ እናንተም ብታውቁት የሚጎድልብኝ ነገር የለም። ሰው ሲያገባ አልቀናም፣ ሲሾምም አልቀናም። እኔ የምቀናው በልብስ ነው። ጥሩ ነገር የለበሰች ሴት ካየሁ ያን ቀን የበላሁት አይስማማኝም።

ነገሩ የሆነው ቦንጋ ነው፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። ባጃጅ ገና አልገባም ነበርና ከገበያው እስከ ቢሮ ያለውን ጭቃ በእግራችን እናቦካው ነበር። ስሜ ስንዱ ነው፤ የጅማ ልጅ ነኝ። ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እናቴ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አረፈች። ከዚያ ወዲህ ጅማ የምሄደው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሆነ፤ ልብስ ለመግዛት።

ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ ካልለበስኩ ዓመቱ የተለወጠ አይመስለኝም ነበር። የምገዛው ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ሁለቴ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ሦስተኛ ሲታጠብ ቀለሙን ለሳፋው ትቶ ይወጣል፤ እኔም ቁም ሳጥን ውስጥ ወርውሬው ሌላ እገዛለሁ። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ የቁም ሳጥኑ በር አልዘጋ አለኝ። “ልዋጭ፣ ልዋጭ” እያለ በደጄ የሚያልፈውን ሰውዬ ጠራሁና ያረጀ የመሰለኝን ሁሉ ጠቅልዬ ሰጥቼው አንድ ቀይ ሳፋና ሦስት ብርጭቆ ተቀበልኩ። ለሦስተኛው ብርጭቆ ሩብ ሰዓት ነው የተከራከርኩት። ሰውዬው ሲሄድ አሸነፍኩት ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

አሁን ስለ አየለች ልንገራችሁ። አየለች የዚያው የቦንጋ ልጅ ናት፤ በእኛ መሥሪያ ቤት የፕላን ኤክስፐርት። ባሏ ቢታ ገነት አስተማሪ ነው፣ እሷ ቦንጋ ላይ ገና መራመድ ያልጀመረች ሴት ልጅ ታሳድጋለች። ቀጠን ብላ ረዘም ያለች ናት፤ ጆንያ ብታለብሷት እንኳን ያምርባታል። ችግሩ ጆንያ አትለብስም። በየዓመቱ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ቢሮ ስንገባ በስብሰባ አዳራሹ “እንኳን አደረሳችሁ” የምንባባልበት የሻይ ፕሮግራም ነበረን። ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ኃላፊያችን ትንሽ ይናገራሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ የለበስነውን እንተያያለን። ውድድር ነው ያለ ሰው የለም፤ ግን ውድድር ነበር። አራት ዓመት ተወዳድሬ አራት ዓመት ያሸነፈችኝ አየለች ናት።

በዚያ ዓመት ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ከጅማ ያመጣሁት ቢጫ ሙሉ ልብስ ወርቅማ ቁልፎች የተደረደሩበት ነው። ገና ከበሩ እንደገባሁ “ኧረ ስንዱ፣ ፀሐይ ወጣች እንዴ” ያለኝ ሁሉ ነበር። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ዘነበች እንኳን፣ ሰውን ማመስገን የሚከብዳቸው ሴትዮ፣ “ደምቀሻል” አሉኝ። ደስ ብሎኝ ዳቦዬን ጎርሼ ገና ሳልውጠው አየለች ገባች።

የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሱፍ ካፖርት ለብሳለች። እስከ ጉልበቷ ይደርሳል፣ ወገቧ ላይ ልክክ ብሏል፣ ከፊት ለፊቱ ከአንገት እስከ ታች ጥቁር የከፋይ ጥብጣብ ወርዶበታል። ቁልፉ ደግሞ እንደ ሴት ልብስ ሳይሆን በወንድ በኩል ነው የሚቆለፈው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አዲስ ፋሽን ነው፣ አዲስ አበባ የገባው ገና ዘንድሮ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቀኝ ክንዷ ላይ፣ ክርኗ አጠገብ፣ ጥቁር ቅጠል የምትመስል ትንሽ ነገር አለች። የፋብሪካው ማርካ መሆን አለበት አልኩ። ከውጭ የመጣ ነው ማለት ነው። አንጀቴ አረረ።

አዳራሹ እኔን ረሳኝ። ኃላፊያችን ንግግራቸውን አቋርጠው “አየለች፣ ዘንድሮስ ባሰብሽ” አሉ። እትዬ ዘነበች ተነሥተው ሄደው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉት።

“ይሄ የዛሬ ዘመን ጨርቅ አይደለም፤ እንኳን ለአንቺ ለልጅሽም ይተርፋል” አሏት።

ያኔ አፌን ብይዘው ምን ነበረበት። አጠገቤ ወደተቀመጠችው ልጅ ጠጋ ብዬ፣ ግን ሰው እንዲሰማ አድርጌ፣ “ከማን ተውሳው ይሆን? ለማንኛውም የሰው ወርቅ አያደምቅ” አልኩ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አየለች ዞር ብላ አየችኝና ሻይዋን ፉት አለች። ልክ በዚያች ሰዓት ከቢጫው ልብሴ አንዷ ወርቅማ ቁልፍ ተበጥሳ ወለሉ ላይ እየተንከባለለች አግዳሚ ወንበር ሥር ገባች። ጎንበስ ብዬ ስፈልጋት ጎኔ ላይ ስፌቱ ተተረተረ። የቀረውን ፕሮግራም ክንዴን ከጎኔ ጋር አጣብቄ ነው የጨረስኩት።

ስንወጣ አላስቻለኝምና ተከተልኳት። “አየሉዬ፣ የት አገኘሽው?” አልኳት፤ ድምፄን ማር አድርጌ።

“ወደድሽው?”

“ደህና ነው።”

“ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ነው። ብነግርሽ ግን አታምኚኝም” አለችና ሳቅ ብላ ሄደች።

እዚሁ ነው? ልታታልለኝ ነው አልኩ። እናንተ፣ ቅናት ሲይዘው ሰው መርማሪ ፖሊስ ይሆናል። ሳስበው ሳስበው ከፋዩ ትዝ አለኝ። ቦንጋ ውስጥ እንዲያ ያለ ከፋይ የሚነካ አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ለቀሳውስት ካባ የሚሰፉት ጋሽ አደሎ። የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ ከመስቀል ጋር ተያይዞ ሊመጣ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እዚህ አገር አዲስ ዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ብሸነፍ ሁለተኛው አለኝ። ለዚያ ቀን እኔም እንደዚያ ያለ ካፖርት፣ እንዲያውም ከሷ የበለጠ፣ መልበስ አለብኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካፊያው እየመታኝ ሄድኩ። ጋሽ አደሎ ገበያው ዳር ባለችው በረንዳቸው፣ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው፣ አንድ አሮጌ የወንድ ኮት በምላጭ እየፈቱ ነበር። ዝግ ብለው ነው የሚናገሩት፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጡ።

“ጋሽ አደሎ፣ እንደ አየለች ያለ ካፖርት ይስፉልኝ። ወይን ጠጅ ሱፍ፣ ጥቁር ከፋይ፣ ቁልፉም ልክ እንደሷ በወንድ በኩል ይሁንልኝ። ክንዱ ላይ ያለችው ማርካም እንዳትቀር” አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

“ልጄ፣ ቁልፉ በወንድ በኩል የሆነው ፋሽን ሆኖ አይደለም። ተገልብጣ ነው።”

“ምኗ?”

“ካፖርቷ ናታ።” የያዙትን ኮት ወደ እኔ ዘረጉት። “ይኸውልሽ። የውጭው ፀሐይ በልቶታል፣ ነጥቷል። ገበሩን ስታነሺው ግን የውስጡ ፊት ፀሐይ አላየም፤ እንደተገዛ ነው። እኔ ሁሉንም እፈታለሁ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አዞራለሁ፣ እንደገና እሰፋለሁ። ስትዞር ግን ግራው ቀኝ ይሆናል፣ የሴት አቆላለፍ የወንድ ይሆናል። ከፋዩን ያደረግሁት ድሮ ቁልፉ ይገባበት የነበረውን ቀዳዳ ልሸፍንበት ነው።”

አሮጌ። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። ያ አዳራሹን ሁሉ ያስነሣ ልብስ የተገለበጠ አሮጌ ነው። “ከየት አመጣችው?” አልኳቸው፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ።

“ልዋጭ የሚለው ሰውዬ ለእኔ ጥሩ ሱፍ ሲያገኝ ያመጣልኛል። ሐምሌ ላይ ነው ያመጣት። አየለች አየቻትና ወሰደቻት።”

የልዋጭ ጨርቅ ደግሞ። ነገ ጠዋት ለማን ቀድሜ እንደምነግር በሐሳቤ ተራ አስያዝኩ። መጀመሪያ እትዬ ዘነበች፤ እሳቸው የሰሙት ምሳ ሳይደርስ ዞኑን ያዳርሳል። ልሄድ ብድግ ካልኩ በኋላ ነው፣ ለወሬዬ ማሳመሪያ እንዲሆነኝ ብዬ፣ “ታዲያ ማርካዋስ?” ያልኩት።

“ምን ማርካ? የተቃጠለች ቦታ ናት። ክርን አጠገብ ካውያ ነክቷት ነበር። የሆነች ሴት ቀዳዳዋን በጥቁር ክር በቅጠል ቅርጽ ጠቅማታለች። እኔ ይሄን ያህል ዘመን ስሰፋ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ልፈታት አልኩ፣ አሳዘነችኝ፣ ተውኳት።”

ጎንበስ ብለው ከመኪናው ሥር አንድ ጆንያ ጎተቱ። “ገበሯ እዚህ አለች፣ አልጣልኳትም” አሉና አወጡት። ሰማያዊ ነው፤ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያንን ገበር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ጅማ ሐኪም ቤት ደጅ ቆሜ እናቴን ስጠብቃት፣ ዝናብ ሲመጣ ካፖርቷን ከፍታ እዚያ ውስጥ ታስገባኝ ነበር። ፊቴ ገበሩ ላይ ነው፤ ነጠብጣቦቹን እቆጥራለሁ። እናቴ ሐኪም ቤቱ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነበረች፤ ከዚያ ካፖርት ሌላ ካፖርት አልነበራትም። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ልተኩስላት ብዬ የከሰል ካውያ ክርኑ ላይ ረሳሁት። አልመታችኝም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ቅጠል አደረገችው። በግራው እጅጌ ነበር፤ ለዚህ ነው በቀኝ ሳየው ያላወቅሁት። እኔ የማውቀው ካፖርት ደግሞ አመድ የመሰለ ነው። ወይን ጠጅ እንደነበረ ማንም አልነገረኝም። ስትሞት እህት ወንድም የለኝምና ለእኔ የደረሰኝ እሱ ነበር፤ ሐምሌ ላይ በቀይ ሳፋና በሦስት ብርጭቆ ለወጥኩት።

“ምነው ልጄ?” አሉኝ ጋሽ አደሎ።

“የእናቴ ነው” አልኩ።

ምላጩን አስቀመጡ። ገበሩን አጣጥፈው ጭኔ ላይ አደረጉልኝ። “እንግዲህ አየለችን ጠይቂያት” አሉኝ።

ቢሮ አልተመለስኩም። ቀጥታ አየለች ቤት ሄጄ ደጇ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት፤ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ መጣች። ካፖርቱን አልለበሰችም ነበር። ገባን። ግድግዳው ላይ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኖ ተሰቅሎ አየሁት። እኔ ዘንድ ሳለ ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከጫማ ጋር ነበር የሚኖረው።

ሁሉንም ነገርኳት። ጋሽ አደሎ ዘንድ ለምን እንደሄድኩ፣ ተራ ስላስያዝኩት ወሬ፣ ስለ ካውያው። ልጇን እያጠባች ሰማችኝ። በመጨረሻ “መልሺልኝ። የፈለግሽውን ልስጥሽ፣ ቁም ሳጥኔን ክፈችና የወደድሽውን ውሰጂ” አልኳት።

“ቁም ሳጥንሽ ውስጥ የምወደው የለም” አለች። ተነሥታ ነጠላውን ገለጠች። “ልበሺው እስቲ።”

እጄን አስገባሁ። ትከሻው ያዘኝ። እጅጌው በግድ ገባ። ቁልፉ ጋ ስደርስ በሁለቱ ጫፎች መካከል አንድ ስንዝር ቀረ። ጋሽ አደሎ በአየለች ልክ ቆርጠውታል፤ እኔ ደግሞ የጅማ ልጅ ነኝ፣ እበላለሁ። ብስበውም ብጎትተውም አልገጥም አለ። የእናቴ ልብስ አልሆነኝም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አየለች ቀስ ብላ ከትከሻዬ አወለቀችልኝ። “ቢሆንሽም አልሰጥሽም ነበር” አለች። “አልዋሽሽም፣ ወድጄዋለሁ። አንቺ ጣልሽው፣ እኔ አነሣሁት። ደግሞ ትናንት የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለሽኛል።”

“ብያለሁ።”

“አላደመቀኝም?”

በሕይወቴ እንዲያ የከበደችኝ ቃል የለችም። “አድምቆሻል” አልኳት።

ያኔ አጠገቤ ተቀመጠች። “አንቺ፣ አምና የቀናሽበት አረንጓዴ ቀሚስ ትዝ ይልሻል? ካቻምና የቀናሽበት ነው፤ እጅጌውን አስቆርጬ። ከዚያ በፊት የነበረው ሰማያዊም እሱ ነው፤ ቀለም አስነክሬው ነው አረንጓዴ የሆነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ቀሚስ ነው ስትቀኚብኝ የኖርሽው” አለችኝ።

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከዚያ “እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?” አለችኝ። ቦንጋ ከመጣሁ እናቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጅቷ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ነገርኳት።

ለማሽቃሬ ባሮ አዲስ ነገር አልለበስኩም። ጋሽ አደሎ ከገበሩ ሻሽ አወጡልኝ፤ ያለ ዋጋ ሰፉልኝ። ሰማያዊ ሻሽ አስሬ፣ የተተረተረውን ቢጫ ልብሴን ጎኑን አስጠቅሜ ወጣሁ። አየለች ካፖርቱን ለብሳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች አዩን።

“እናንተን ደግሞ ምን አገናኛችሁ?” አሉ።

“ካፖርቱ የእናቴ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል አልሰሙም?” አልኳቸው። ወሬውን ራሴ ስለነገርኳቸው መሰለኝ፣ ለማንም አላወሩትም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዓመት ሊለወጥ ሲል ምናልባት ገበያ ልትወጡ አስባችሁ ይሆናል። አትውጡ አልላችሁም፤ ማን ሆኜ ነው እኔ። ግን ከመውጣታችሁ በፊት የገዛ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱና ከጫማው ሥር ያለውን አውጡት። ገበሩን አንሡት። እኔ ከዚያ ዓመት ወዲህ ጷጉሜ ሲገባ ጅማ አልሄድም፣ ጋሽ አደሎ ዘንድ ነበር የምሄደው፤ እሳቸው ካረፉም በኋላ ልጃቸው ዘንድ። የማጠብቀውን አጠባለሁ፣ የማሳጥረውን አሳጥራለሁ፤ የገዛሁም እንደሆነ ሱፍና ጥጥ መርጬ፣ ሁለት ፊት ያለውን፣ ነገ ሊገለበጥ የሚችለውን አይቼ ነው። ቀዩ ሳፋ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጠቀ። ብርጭቆዎቹም የሉም።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ብትሉኝ ግን አልለቀቀኝም። አየለች ባሏ ወዳለበት ወደ ቢታ ገነት ስትዛወር ካፖርቱን ይዛው ሄደች፤ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት እጇን ስታወዛውዝ እኔ የማየው እጅጌውን ነበር። ብዙ ዓመት አለፈ። ባለፈው መስከረም፣ ቦንጋ ገበያ፣ አንዲት ረጅም ልጃገረድ ከፊቴ ስታልፍ አጠር ያለ የወይን ጠጅ ጃኬት ለብሳለች። ክርኗ አጠገብ ጥቁር ቅጠል አለች። ሳላስበው ክንዷን ያዝኩ።

ልጅቷ ደነገጠች። “ምነው እትዬ?”

“የማን ልጅ ነሽ?”

“የአየለች። ከቢታ ገነት።” ያቺ ስታጠባት ያየኋት ናት፤ ቁመቷ አልፎኛል።

“ጃኬቱ ያምርብሻል” አልኳት። ቅጠሏን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ። አንዲት ክር አልተነቀለችም።

“የእናቴ ካፖርት ነበር፣ ለእኔ አሳጠሩልኝ” አለች። ከዚያ እጅጌዋን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች፤ በትሕትና ግን በጥብቅ። “ይቅርታ፣ እትዬ። እማዬ ‘የሰው እናት ልብስ ነው፣ ማንም እንዳይጎትትብሽ’ ብላኛለች።”

ለቀቅኋት። ምን ልበላችሁ፤ ገበያው መካከል ቆሜ፣ ሻሼን እያስተካከልኩ፣ ቀናሁባት።